ሁለት ቅርንጫፍ፣ አንድ ዳታቤዝ፦ የማይደጋገም መለያ ከየት ይምጣ? (ደሴ–ኮምቦልቻ)

#1 ጦሳ_ሥር

ሰላም ለዚህ ቤት። የግንባታ ዕቃ ለሚሸጥ ድርጅት የሚሠራ የሽያጭና የመጋዘን ሥርዓት ነው። መሸጫው ደሴ ፒያሳ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ። ደሴ ሦስት ኮምፒውተር፣ ኮምቦልቻ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ታብሌት አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሽያጭ እንዳይቆም እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ኤስኪውላይት (እዚያው መሣሪያው ላይ ያለ ትንሽ ዳታቤዝ) ላይ ይመዘግብና መስመሩ ሲመለስ ወደ ፖስትግሬስ (የጋራው ዳታቤዝ) ሰርቨር ይልካል።

ችግሩ መለያው ራሱን እየጨመረ የሚሄድ ተራ ቁጥር መሆኑ ነው። ደሴም 1045 አለ፣ ኮምቦልቻም 1045 አለ። ሲንክ ሲደረግ (የሁሉም መረጃ ሰርቨሩ ላይ ሲዋሃድ) አንደኛው ገብቶ ሌላኛው ይመለሳል። በቀን በድምሩ እስከ 600 መዝገብ ይገባል።

ያሰብኩት ባለ6 አሃዝ ራንደም ቁጥር ማውጣት ነበር። ዩዩአይዲ የሚሉት፣ በየትም መሣሪያ የሚመነጭ ልዩ መለያም አለ፤ ግን ረጅም ነው፣ ደረሰኝ ላይ አይመችም። የቱ ይሻላል? በምን መሣሪያ ይመንጭ? ጥንቃቄውስ ምንድን ነው?

#2 ቦርከና_7

ባለ6 አሃዙን ዛሬውኑ ጣለው። አንድ ሚሊዮን ቁጥር ብዙ ይመስላል፤ ግን ጥያቄው «ይኸኛው ከዚያኛው ጋር ይገጥማል ወይ?» አይደለም። «ካሉት ሁሉ ውስጥ የትኞቹም ሁለቱ ይገጥማሉ ወይ?» ነው። 1,177 መዝገብ ላይ ስትደርስ ቢያንስ አንድ መደጋገም የመኖሩ ዕድል ግማሽ በግማሽ ይሆናል። በቀን 600 ከሆነ ሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ነህ ማለት ነው። 8 አሃዝ ብታደርገው ያ ነጥብ 11,774 መዝገብ ላይ ነው፣ 10 አሃዝ ብታደርገው 117,741 ላይ። እሱም ሰባት ወር አይሞላም።

ዩዩአይዲ 128 ቢት ነው። ሲጻፍ 32 የአስራስድስትዮሽ አሃዝና 4 ሰረዝ፣ በድምሩ 36 ምልክት። በብዛት የሚታወቀው ቨርዥን 4 ከ128ቱ ውስጥ 6ቱን ቢት ለቨርዥንና ለዓይነት ምልክት ይይዛል፣ የቀረው 122 ሙሉ በሙሉ ራንደም ነው። 103 ትሪሊዮን መለያ ብታመነጭ እንኳ አንድ መደጋገም የመከሰቱ ዕድል ከቢሊዮን አንድ ነው። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ሳይጠያየቁ፣ ኔትወርክ ሳይኖራቸው፣ እያንዳንዳቸው የፈለጉትን ያህል ማመንጨት ይችላሉ። ላንተ ጉዳይ ትልቁ ነገር ይኸ ነው፤ ቁጥር የሚያድል ማዕከል አያስፈልግም።

ይህ ስሌት ግን የሚቆመው የራንደሙ ምንጭ እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው። ምንጩ ከተበላሸ 122 ቢቱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

#3 ሐረጎ_ዳገት

ቦርከና ባለው እስማማለሁ፣ አንድ ልጨምር፦ ለዳታቤዝ ቁልፍ ቨርዥን 4 ሳይሆን ቨርዥን 7 ውሰድ። አርኤፍሲ 9562 (የኢንተርኔት መመዘኛ ሰነድ ነው) በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የ2005ቱን አርኤፍሲ 4122 ሲተካ ነው ቨርዥን 7 መደበኛ የሆነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ 48 ቢቶች ሰዓት ናቸው፣ ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ። ቀጥሎ 4 ቢት የቨርዥን ምልክት፣ 12 ቢት ራንደም፣ 2 ቢት የዓይነት ምልክት፣ 62 ቢት ራንደም። በድምሩ 74 የራንደም ቢት በእያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ውስጥ ማለት ነው፤ ለስድስት መሣሪያ ከበቂ በላይ ነው።

ጥቅሙ ኢንዴክሱ (ዳታቤዙ መዝገብ ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) ላይ ነው። ቨርዥን 4 በዘፈቀደ ስለሚመጣ አዲሱ መዝገብ በኢንዴክሱ መካከል የትም ቦታ ይገባል፣ ገጾቹም እየተሰነጠቁ ይሄዳሉ። ቨርዥን 7 በጊዜ ቅደም ተከተል ስለሚመጣ ሁልጊዜ ከጫፍ ይጨመራል። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ልዩነቱ ይብሳል፤ የማስቀመጫ ሞተሩ ኢኖዲቢ ሠንጠረዡን ራሱን በዋናው ቁልፍ ቅደም ተከተል ያስቀምጣልና። ሌሎቹ ኢንዴክሶችም ሁሉ ዋናውን ቁልፍ ይሸከማሉ።

እውነቱን ለመናገር በዓመት 219,000 መዝገብ ላይ ይህን የፍጥነት ልዩነት አታየውም። ቨርዥን 7ን የምመክርህ መዝገቡን በመለያው ብቻ ስትደረድር በገባበት ጊዜ ስለሚሰለፍልህ ነው። ስህተት ሲፈለግ ይኸ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ማመንጫውን በተመለከተ ፖስትግሬስ ከ13 ጀምሮ ቨርዥን 4 በራሱ ያመነጫል፣ ከ18 ጀምሮ ደግሞ ቨርዥን 7። ፓይተን ከ3.14 ጀምሮ ቨርዥን 7 በመደበኛው ላይብረሪ አለው። ማይኤስኪውኤል ላይ ያለው የዩዩአይዲ ትዕዛዝ ግን የሚሰጠው ቨርዥን 1 ነው፤ ብዙ ሰው ራንደም ይመስለዋል።

ስታስቀምጠው ደግሞ እንደ ጽሑፍ አታስቀምጠው። ፖስትግሬስ ላይ የዩዩአይዲ ዓይነቱ 16 ባይት ነው፣ ጽሑፍ ካደረግከው ከ36 ባይት በላይ ይሄዳል። ኤስኪውላይት ላይ ባለ16 ባይት ብሎብ (ጥሬ ባይት የሚይዝ ዓይነት) ይሆናል፤ ግን በዓይን ማንበብ ከፈለግህ እዚያ ጽሑፍ ብታደርገው ነውር የለውም፣ ሁልጊዜ በትንንሽ ፊደል ይሁን እንጂ። አንዱ መሣሪያ በትልልቅ፣ ሌላው በትንንሽ ፊደል ከጻፈ ኤስኪውላይት ሁለት የተለያዩ መለያዎች አድርጎ ነው የሚያያቸው።

#4 ሰኞ_ገበያ

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ስድስት መሣሪያ ላለው ሥራ 36 ምልክት ምን ያደርጋል? ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቅድመ ምልክት ስጠው፦ ደ1፣ ደ2፣ ደ3፣ ኮ1፣ ኮ2፣ ኮ3። ከዚያ የየራሱ ተራ ቁጥር። ደ1-1045 እና ኮ1-1045 ፈጽሞ አይጋጩም። ዕድል የለ፣ ራንደም የለ። ሰውም ያነበዋል፣ በስልክም ይነገራል።

#5 ቦርከና_7

ሰኞ_ገበያ፣ ሐሳብህ ለሰው የሚነበብ ቁጥር ከሆነ ግሩም ነው። ለዳታቤዝ ቁልፍ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይሰበራል። አንደኛ፣ የደ1 ዲስክ ተበላሽቶ ከትናንት ወዲያ ባክአፕ ሲመለስ ቆጣሪው ወደ ኋላ ይሄዳል። የሁለት ቀን ቁጥሮችን ለአዲስ ሽያጭ ደግሞ ያድላል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን እነዚያ ቁጥሮች ቀድሞ ተይዘዋል። ሁለተኛ፣ አንድ ኮምፒውተር አስተካክለው የጨረሱትን ዲስክ ቀድተው ሌላው ላይ ሲጭኑ ሁለቱም ደ2 ይሆናሉ፤ ማንም ሳያውቅ። ሦስተኛ፣ ታብሌቱ ላይ አፕሊኬሽኑ ጠፍቶ እንደገና ሲጫን ቆጣሪው ከ1 ይጀምራል።

ዩዩአይዲ እነዚህን ሦስቱንም ይችላል፤ የትናንቱን ማስታወስ አይጠበቅበትምና። ስለዚህ ሁለቱንም ያዝ፦ ለማሽን ዩዩአይዲ፣ ለሰው የአንተ ደ1-1045። ሁለቱ አንድ መሆን የለባቸውም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው አንዱን ነገር ለሁለቱም ሥራ ለማዋል ሲሞከር ነው።

በነገራችን ላይ የካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። ያንን እንዳለ ለብቻው ዓምድ ውስጥ መዝግቡት እንጂ በዩዩአይዲ አትተኩት፣ እንደ ቁልፍም አትጠቀሙበት።

#6 መዲና_ኮድ

ስለ ዓይነቱ ብዙ ተባለ፤ እኔ መቼ ይመንጭ የሚለው ላይ ልቆይ፤ ሲንክ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

መለያው መመንጨት ያለበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን መሣሪያው ላይ፣ ከመላኩ በፊት። አስቡት፦ ኮምቦልቻ ያለው ታብሌት ሽያጭ ይልካል። ሰርቨሩ ተቀብሎ መዝግቧል፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ሳለ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ታብሌቱ አልደረሰም ብሎ ያምናል፣ እንደገና ይልካል። መለያውን የሚያመነጨው ሰርቨሩ ከሆነ ወይም ታብሌቱ በእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ የሚያመነጭ ከሆነ፣ አንድ ሽያጭ ሁለት መዝገብ ሆነ። 40 ኩንታል ሲሚንቶ 80 ሆኖ ከመጋዘን ይቀነሳል። የዩዩአይዲው ጥራት እዚህ ምንም አያድንም፤ ሁለቱም መለያዎች ፍጹም ልዩ ናቸውና!

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ቅጹ ሲከፈት መለያው ይመንጭ። «መዝግብ» ሲጫን መዝገቡ ከነመለያው መጀመሪያ ኤስኪውላይት ላይ ይጻፍ፣ «አልተላከም» የሚል ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ይላክ። መልስ ካልመጣ ያው መዝገብ በያው መለያ እንደገና ይላክ፤ አሥር ጊዜም ቢሆን። ሰርቨሩ በኩል ማስገቢያው «ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ» ይኑረው፤ መለያው ቀድሞ ካለ ምንም ሳያደርግ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያን ትዕዛዝ ስትጽፉ የትኛው ዓምድ ላይ እንደሆነ በስም ጥቀሱ፣ የመለያው ዓምድ ብቻ። ሳትጠቅሱ ከተዋችሁት በሌላ ዓምድ የተፈጠረ ግጭትንም ዝም ብሎ ይውጠዋል። ለምሳሌ የሰው ቁጥሩ ደ1-1045 ቦርከና ባለው የባክአፕ ምክንያት ከተደገመ፣ አዲሱ ሽያጭ ሳይመዘገብ «ደርሶኛል» ይባላል። ሽያጩ ጠፋ፣ ማስጠንቀቂያም የለም።

«መጀመሪያ አለ ወይ ብዬ ልፈልግ፣ ከሌለ ላስገባ» የሚለውንም ተዉት። በፍለጋውና በማስገባቱ መካከል ሌላ ጥያቄ ሊቀድም ይችላል። ልዩ የመሆን ገደቡን ዳታቤዙ ራሱ ይጠብቀው።

#7 ጦሳ_ሥር

እጅግ አመሰግናለሁ። የመዲናን ቅደም ተከተል ይዤ መለያውን ወደ ታብሌቱ አወረድኩት፤ ታብሌቱ ላይ የሚሠራው በብራውዘር ነው። ኮዱን የሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ የብራውዘሩ «ክሪፕቶ ራንደም-ዩዩአይዲ» ትዕዛዝ በትክክል ይሠራል። ያው ገጽ በመጋዘኑ ዋይፋይ፣ በታብሌቱ ሲከፈት ግን «ፋንክሽን አይደለም» ይላል። ብራውዘሩ አዲስ ነው። ምክንያቱ ምን ይሆን?

#8 መዲና_ኮድ

አብሽር፣ ኮድህ ደህና ነው። ያ ትዕዛዝ የሚገኘው ደህንነቱ በተጠበቀ ግንኙነት ብቻ ነው፤ ማለትም በኤችቲቲፒኤስ ወይም በሎካልሆስት። የምትጽፍበት ማሽን ላይ ሎካልሆስት ስለሆነ ይሠራል። ታብሌቱ ግን በ192.168 በሚጀምር አድራሻ፣ በተራ ኤችቲቲፒ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ብራውዘሩ ትዕዛዙን ይደብቀዋል። ትክክለኛው መፍትሔ ለመጋዘኑ ሰርቨርም ኤችቲቲፒኤስ ማድረግ ነው፤ የሽያጭ መረጃ በዋይፋይ ላይ ባዶውን መሄድ የለበትም።

እስከዚያው «ክሪፕቶ ጌት-ራንደም-ቫልዩስ» በተራ ኤችቲቲፒም ይሠራል። 16 ራንደም ባይት ውሰድ። ለቨርዥን 4 ሰባተኛውን ባይት ለ16 አካፍለህ ቀሪው ላይ 64 ደምር፤ ዘጠነኛውን ለ64 አካፍለህ ቀሪው ላይ 128 ደምር። ከዚያ ወደ አስራስድስትዮሽ ቀይረህ 8-4-4-4-12 አድርገህ በሰረዝ ክፈለው። አንድ ባይት ከ16 በታች ሲሆን ከፊቱ ዜሮ መጨመር አትርሳ። ይህን የረሳ ኮድ ከሚያወጣቸው መለያዎች ከግማሽ የሚበልጡት 31፣ 30 ወይም ከዚያ ያነሰ አሃዝ ይኖራቸዋል፣ ፖስትግሬስም አልቀበልም ይላል፤ የቀሩት ትክክል ስለሚመስሉ ግን ስህተቱ ሊያሳስት ይችላል።

ለቨርዥን 7 ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ባይቶች በሰዓቱ ተካ፣ ሰባተኛው ላይም በ64 ፈንታ 112 ደምር። ሰዓቱን ወደ ባይት ስትከፋፍል ግን የጃቫስክሪፕትን የቢት ማንሸራተቻ አትጠቀም። እሱ 32 ቢት ላይ ይቆርጠዋል፣ ሰዓቱ ደግሞ 48 ቢት ነው። በ256 እያካፈልክ ቀሪውን ከመጨረሻው ባይት ጀምረህ ሙላ።

ውጤቱን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል፦ ሰረዙን ሳትቆጥር 13ኛው አሃዝ 4 ወይም 7 መሆን አለበት፣ 17ኛው ደግሞ 8፣ 9፣ ኤ ወይም ቢ።

#9 ሰኞ_ገበያ

ቅድም ብከራከርም ቦርከና ስለ ባክአፑ ያነሳው ልክ ነው፤ ቁልፉ ዩዩአይዲ ይሁን። ግን ከእንግዲህ ስለ ራንደሙ ምንጭ አጥብቃችሁ ያዙ።

«ማት ራንደም» የሚለውን የጃቫስክሪፕት ትዕዛዝ ለዚህ ሥራ አትንኩት። ድሩ ላይ የሚገለበጡ ብዙ የዩዩአይዲ ቁርጥራጭ ኮዶች በሱ የተሠሩ ናቸው። ያ ትዕዛዝ ለጨዋታና ለሥዕል ነው። የክሮም ሞተር የሆነው ቪኤይት እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የነበረው የማት ራንደም ስልት ደካማ ስለነበር ተቀይሯል፤ የተተካውም ቢሆን ከጥቂት ውጤቶች ተነስቶ ቀጣዩን መገመት ይቻላል። ለመለያ የሚሆነው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚመጣው ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ «ዩዩአይዲ-ጄን» ብትሉ ከዚያ ነው የሚያመጣው፤ ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል «ኒው-ጉይድ»።

ምንጩ ጥሩ ሆኖም የሚበላሽበት አለ። ቨርቹዋል ማሽን በሩጫ ላይ እያለ ስናፕሾት (የዚያ ቅጽበት ሙሉ ቅጂ) ተወስዶ ሁለት ቦታ ቢነሳ፣ ሁለቱ በማህደረ ትውስታቸው ያው ዘር (ራንደሙ የሚጀምርበት መነሻ ዋጋ) አላቸው። ፕሮግራሙ የራሱን ራንደም ማመንጫ ይዞ ከሆነ ሁለቱም ያንኑ ሰንሰለት ያወጣሉ። አንድሮይድ ላይም በ2013 ሴክዩር-ራንደም የሚባለው የራንደም ማመንጫ ዘር አሰጣጥ ጉድለት ተገኝቶ የቢትኮይን ቦርሳዎች እንዲዘረፉ ምክንያት ሆኗል።

አንድ ሚሊዮን አመንጭቶ ተደጋገመ ወይ ብሎ መቁጠር ጥሩ ፈተና ነው፣ ግን የሚይዘው ጉልህ ብልሽትን ብቻ ነው። የሚሻለው ሁለት መሣሪያ ላይ ፕሮግራሙን እኩል አስነስቶ የመጀመሪያዎቹን ሺህ መለያዎች ማወዳደር ነው። ዘሩ ከሰዓት የሚወሰድ ከሆነ እዚያ ይጋለጣል።

ፓይተን የምትጽፉ ደግሞ የነባሪ ዋጋ ስትሰጡ ቅንፉን ተጠንቀቁ። የፋንክሽኑን ስም ብቻ ከሰጣችሁት ለእያንዳንዱ መዝገብ አዲስ ይጠራል። ቅንፍ ከፍታችሁ ዘግታችሁ ከሰጣችሁት ፕሮግራሙ ሲነሳ አንድ ጊዜ ተጠርቶ ያው መለያ ለሁሉም ይታደላል። ሁለተኛው መዝገብ ላይ ግጭት ይመጣል፤ ሰዎችም «ዩዩአይዲ ተደገመብኝ» ይላሉ።

#10 ሐረጎ_ዳገት

ቨርዥን 7ን ስለመከርኩ የሰዓቱን ነገር ልጨርስ። መለያው የመሣሪያውን ሰዓት ስለሚይዝ የተሳሳተ ሰዓት ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ሁለት ነገር ፈትሹ። አንዱ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032 የሚባለው ባለ3 ቮልት ክብ ባትሪ። ካለቀ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኤችቲቲፒኤስ ገጾች ሁሉ የሰርተፊኬት ስህተት ካሳዩ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።

ሁለተኛው የኛው የራሳችን ነው። ኮምፒውተሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሳይ ብሎ ሰዓቱን በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው አለ። የሰዓት ክልሉ ሳይለወጥ ሰዓቱ ብቻ ከተመለሰ፣ ከዚያ ማሽን የሚወጣው መለያ ሁሉ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይሰለፋል፤ ከሰዓት የተሸጠው ዕቃ ከጠዋቱ ሽያጭ በፊት ይገኛል። ሰዓቱ ትክክለኛ ይሁን፤ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን ማሳየት የአፕሊኬሽኑ ሥራ ነው፣ ስታሳዩ ቀይሩት።

ልዩነቱ ግን አይጠፋም፣ 74ቱ የራንደም ቢቶች አሉና። የሚዛባው ሰልፉ ነው። ስለዚህ የሽያጩን ጊዜ ለሒሳብ ስትፈልጉ ከመለያው አትቅዱት፤ የራሱ ዓምድ ይኑረው፣ ሰርቨሩ የተቀበለበት ጊዜም በሌላ ዓምድ።

ደግሞም ቨርዥን 7 የተፈጠረበትን ደቂቃ ለሚያየው ሁሉ ይናገራል። ውጭ ለሚወጣ ሊንክ፣ ለይለፍ ቃል ማደሻ የመሳሰለው ላይ ቨርዥን 4 ይሁን። ቨርዥን 1 ከዚህም ይብሳል፤ በተለመደው አሠራሩ የኔትወርክ ካርዱን አድራሻ ይዞ ይወጣል። የትኛውም ይሁን፣ መለያውን ማወቅ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ሰርቨሩ ይህ ተጠቃሚ ይህን መዝገብ ማየት ይችላል ወይ ብሎ ሁልጊዜ ይጠይቅ።

#11 ፒያሳ_ማተሚያ

ወደ ወረቀቱ ልውረድ። ባለ58 ሚሊሜትር የሙቀት ማተሚያ በአንድ መስመር 384 ነጥብ ነው ያለው። ዩዩአይዲውን በኮድ 128 ባርኮድ ለማተም እያንዳንዱ ምልክት 11 ሞጁል ይፈልጋል፤ 36 ምልክት፣ መጀመሪያው፣ ማረጋገጫው፣ 13 ሞጁል ያለው መዝጊያ ሲደመር 431 ይሆናል። በጣም ቀጭኑን መስመር፣ አንድ ሞጁል በአንድ ነጥብ ብታደርጉት እንኳ ወረቀቱ ላይ አይገባም። ማተሚያው ባዶ ይተወዋል ወይም ጫፉን ይቆርጠዋል።

ኪውአር ኮድ ይገባል፤ እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ዩዩአይዲ በባይት ስልት ስለሚቀመጥ በመካከለኛ የስህተት ማረሚያ ደረጃ 29 በ29 ካሬ ይፈልጋል። ወደ ትልልቅ ፊደል ቀይራችሁ ብታስገቡት ቁጥርና ፊደል በሚለው ስልት ይቀመጥና 25 በ25 ይበቃዋል። ካሬዎቹ ስለሚተልቁ በርካሽ ስልክ ካሜራም ይነበባል። ሲነበብ መልሳችሁ ወደ ትንንሽ ፊደል ቀይሩት፤ ሐረጎ ያለው የኤስኪውላይት ነገር እዚህ ይመጣል።

ለሰው የሚነበበው ደ1-004631 ላይ የማረጋገጫ አሃዝ ጨምሩበት። በስልክ ቁጥር ሲነገር በጥንድ ማንበብ ልማዳችን ነው፤ «አርባ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ»። ሠላሳና ስልሳ ደግሞ በተቆራረጠ መስመር ላይ አንድ ናቸው። 004631 የነበረው 004661 ይሆናል፣ የሌላ ደንበኛ ዕቃ ይወጣል። የሉን ስሌት ይህን ይይዛል። ከቀኝ ጀምሮ አንድ እየዘለላችሁ እጥፍ አድርጉ፣ ከ9 ከበለጠ 9 ቀንሱ፣ ሁሉንም ደምሩ፣ ወደ ቀጣዩ አሥር የጎደለው ማረጋገጫው ነው። ለ004631፦ ከቀኝ 1 እጥፉ 2፣ 3 እንዳለ፣ 6 እጥፉ 12 ሲቀነስ 3፣ 4 እንዳለ፤ ድምሩ 12፣ ማረጋገጫው 8። ስለዚህ 004631-8 ተብሎ ይታተማል። 004661 ብሎ የሰማ ሰው በ8 ቢያስገባው ሲስተሙ አይቀበለውም፤ የሱ ማረጋገጫ 5 ነውና። ሉን የአንድ አሃዝ ስህተትን ሁሉ ይይዛል፣ የጎን ለጎን መለዋወጥንም እንዲሁ፤ 09 እና 90 ሲለዋወጡ ብቻ ያመልጠዋል።

#12 ጦሳ_ሥር

ለሰው በሚነበበው ላይ በአሃዝ ፈንታ ፊደላችንን ብንጠቀምስ? ከአሥር አሃዝ ይልቅ ብዙ ፊደል ስላለን ኮዱ ያጥራል ብዬ ነው። ቆጣሪ ለሌለበት፣ ለምሳሌ ለደንበኛ የዕቃ መረከቢያ ኮድ።

#13 ፒያሳ_ማተሚያ

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ በጥንቃቄ ከተመረጠ ይሠራል። ግዕዝ ዓምዱን ብቻ ብትወስድ 33 ፊደል አለ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን አስወጣ፦ ሐ፣ ኀ እና ኸ ከሀ ጋር፣ ሠ ከሰ ጋር፣ ዐ ከአ ጋር፣ ፀ ከጸ ጋር። 27 ቀረ። ብዙ የማይገኙትን ዠ፣ ጰ እና ፐን ስታወጣ 24። ስድስት ፊደል ያለው ኮድ 191,102,976 አማራጭ ይሰጣል፤ ከ8 አሃዝ ይበልጣል።

ግን በሙቀት ወረቀት ላይ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ወረቀቱ ፀሐይ ሲያገኘው መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። አምስቱን ባለ ጭረቶች አውጣቸው፣ 19 ይቀራል፤ ስድስት ፊደል 47,045,881። አሁንም ጥሩ ነው። በስልክ ተ እና ጠ፣ ከ እና ቀ ስለሚምታቱ «ተ የተስፋ፣ ጠ የጠዋት» እያሉ ማንበብ ያስፈልጋል።

ቴክኒኩ ላይ ሁለት ነገር እወቅ። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ርዝመትን በባይት የሚቆጥር ዓምድ 6 ብለህ ብትወስነው ሁለት ፊደል ብቻ ይይዛል። ብዙ የሙቀት ማተሚያዎች ውስጣቸው የግዕዝ ፊደል ስለሌለ ኮዱን እንደ ምስል ነው የምትልከው፤ ይህን ካላደረግህ የጥያቄ ምልክት ያትማል። እንዲህ ያለ አጭር ኮድ ራንደም ሲሆን ደግሞ የልዩነት ገደብ ዳታቤዙ ላይ አድርግና ግጭት ሲመጣ ሌላ አመንጭተህ ሞክር። በዚህ መጠን ግጭት እንግዳ ነገር አይደለም፣ ይመጣል።

#14 ቦርከና_7

ኤክሴል ሳይጠቀስ እንዳይቀር። ሒሳብ ሠራተኛው ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ ሲከፍት 004631 ፊቱን አጥቶ 4631 ይሆናል። ከ15 አሃዝ የሚበልጥ ቁጥር መጨረሻው ዜሮ ይሆናል። የዩዩአይዲን መጀመሪያ 8 አሃዝ ቆርጠው እንደ አጭር ኮድ የሚጠቀሙ ደግሞ፣ በአሃዞች መካከል አንዲት የ«ኢ» ፊደል ብቻ ስትገኝ ኤክሴል የአሥር ርቢ መስሎት ወደ ግዙፍ ቁጥር ይቀይረዋል። ፋይሉን በድርብ ጠቅታ አትክፈቱት፤ ከዳታ ምናሌ አስገቡትና የመለያውን ዓምድ «ጽሑፍ» በሉት። ተቀይሮ ሴቭ ከተደረገ ወዲያ መመለሻ የለውም።

#15 ጦሳ_ሥር

የመጨረሻ ጥያቄ፦ እስካሁን በተራ ቁጥር የገቡት አሮጌ መዝገቦችስ? ሽያጭና የሽያጭ ዝርዝር ሁለት ሠንጠረዥ ናቸው፣ ዝርዝሩ ሽያጩን በ1045 ነው የሚጠቅሰው።

#16 መዲና_ኮድ

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ሁሉም ነገር። እያንዳንዱ መሣሪያ ላይ፣ ከመዋሃዱ በፊት፣ ለየብቻ ሥራው። መጀመሪያ የስድስቱንም ባክአፕ ያዝ፣ ምዝገባውንም አቁም፤ እሑድ ማታ ይመቻል።

ሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ባዶ መሆን የሚችል የዩዩአይዲ ዓምድ ጨምር። ለእያንዳንዱ ረድፍ በፕሮግራም አንድ በአንድ ሙላ፤ ዓምዱን ስትጨምር ነባሪ ዋጋ ሰጥተህ አትሙላው፣ አንዳንድ ፍሬምወርክ አንዱን ዋጋ ለሁሉም ረድፍ ያድላል። ጃንጎ በሚባለው የፓይተን ፍሬምወርክ ላይ ለምሳሌ ይህ በሦስት ማይግሬሽን (የሠንጠረዥ ለውጥ ደረጃ) ነው የሚሠራው፤ ባዶ ዓምድ መጨመር፣ መሙላት፣ ከዚያ የልዩነት ገደብ። ቀጥሎ ዝርዝሩ ላይ የሽያጭ ዩዩአይዲ ዓምድ ጨምርና በአሮጌው ቁጥር አገናኝተህ ሙላ። ባዶ የቀረ ረድፍ ቁጠር፤ ዜሮ ካልሆነ ባለቤት የሌለው ዝርዝር አለ፣ እሱን ሳትፈታ አትለፍ።

ይህ በስድስቱም ላይ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ፖስትግሬስ የሚዋሃደው። አሮጌው 1045 ደ1-1045 ተብሎ የሰው ቁጥር ሆኖ ይቀጥል፣ በእጅ ያሉ ደረሰኞችም እንዲፈለጉበት። ቀድመህ አዋህደህ በኋላ ዩዩአይዲ ልስጥ ካልክ ግን የደሴው 1045 ሚስማርና ቆርቆሮ ከኮምቦልቻው 1045 ሲሚንቶ ሥር ይገባል። ከዚያ ወዲያ የትኛው ዝርዝር የማን እንደነበረ የሚናገር ዓምድ አይኖርህም፤ ባክአፑን መልሰህ ከመጀመሪያው መጀመር ብቻ ነው።